ጥላው የወደቀበት ወገን

የአሮጌው የውሃ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ሁለቱ ጫፎቹ ለምን እንደወፈሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መሃሉ የክንድ ያህል ነው፤ ጫፎቹ ግን የአንድ ሰው ቁመት ያህል ይወፍራሉ። ግንበኛው ቤቱን ሊጠግን ከመጣ ጀምሮ ነገሩ እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። ድንጋይ በከንቱ የሚያባክን ግንበኛ አልተፈጠረም፣ ቤቱን የሠራው ሰው አንድ ነገር ሸሽጓል ይል ነበር።

ታላቅ እህቱም ነገር ካልገባት እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። ከሥዕል አስተማሪነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ የድሮ ቤቶችንና ገጠሩን በጥቁርና ነጭ ፊልም ስታነሳ ነው የምትውለው። ካሜራዋን በሦስት እግሩ ተክላ ሰማይ ሰማይ እያየች ግማሽ ቀን ስለምትቆም ሰፈርተኛው «እትዬ ደመና» ብሏታል። ወንድሟ ደግሞ ፎቶ ቀለም ካወጣ ስንት ዘመኑ እያለ ይተርባት ነበር። እሷም ቀለም ዓይን ያታልላል፣ ጥላ ግን የድንጋዩን ጉብታና ስንጥቅ አንድ በአንድ ይቆጥራል ትለዋለች። ለጥድፊያው የምትመልስለት ሌላ ነበር፤ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የወፍጮ ቤቱን ፊት በማለዳ አነሳችው። ፀሐይ ከኮረብታው ብቅ ስትል ያንን ግድግዳ በጎን እየላሰች የምታልፈው ለአሥር ደቂቃ ነው። ያን ጊዜ ልቧ ከኋላ እየገፋ በሚመጣው ደመና ላይ ስለነበር ግድግዳውን አስተውላ አላየችውም። ያየችው በማግስቱ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ጨለማ ክፍል ባደረገችው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ወንድሟ የግድግዳውን ፎቶ ለስብሰባ ፈልጎ በሩ ላይ ቆሞ ያጣድፋት ነበር። ወረቀቱ በፈሳሹ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠቁር፣ ከአራቱ እኩያ መስኮቶች በግራ ጫፍ ባሉት በሁለቱ መካከል፣ ከሳሳው አሮጌ ልስን ሥር፣ እንደ ቅንድብ የጎበጠ ቀጭን ጥላ ወጣ። የተደፈነ በር አናት ነበር። ግንበኛው ፎቶውን ሳይደርቅ መንትፎ ሮጠ።

ጥገናውን የሚመራው ኢንጂነር ጥንቁቅ ሰው ነው። ግድግዳው በስሚንቶ ተጠናክሮ እንዲለሰን ተወስኗል፤ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ማንም አይነካውም። ያ በፎቶው የታየው ነገር ቆሻሻም ሊሆን ይችላል አለ። ቢጨቀጨቅ ጊዜ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዲነቀል ፈቀደ። ግድግዳውን በዓይን እንዳያረጋግጡ ከዚያ ወዲህ አንድም ማለዳ ፀሐይ አልወጣችም፤ ሰማዩ እንደተከደነ ነበር። ግንበኛው ግን በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት አፉን ሞልቶ ተናገረ።

«በር ካልወጣ ከዛሬ ወዲያ ግንበኛ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ።»

ዓርብ ጠዋት ድንጋዩ ተነቀለ። ከጀርባው ሌላ ድንጋይ ነበር፤ ግንበኛው መሮውን በክፍተቱ አስገብቶ ሲያንኳኳ ከዚያም ወዲያ ድፍን ነው። ማንም አልሳቀም። ከመወጣጫው ላይ አንዱ ብቻ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንግዲህ ማን ብለን እንጥራህ ሲል ጠየቀው። ኢንጂነሩ ስሚንቶው ሰኞ እንደሚቀጥል ተናግሮ ሄደ።

ግንበኛው እህቱን አልተቆጣም። መሳሪያውን እየሰበሰበ፣ ጥላ ነው እኮ እትዬ፣ ጥላን ማን ይጨብጠዋል አላት። ከስድብ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

ቤቷ ገብታ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና ማጉያ መነጽሯን አነሳች። ካሜራ ይሳሳታል፤ ግን ያላየውን አይፈጥርም። ታዲያ ይህን ቅንድብ ከየት አመጣው? ከመስኮት ወደ መስኮት፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ በዓይኗ ሄደች። የየመስኮቱ ደፍ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል። መነጽሩን አስቀመጠች። ያን ቀን ጠዋት ፀሐይ የካሜራውን ዓይን እንዳትወጋው በባርኔጣዋ ጋርዳ ነበር፤ በየትኛው እጇ? ትከሻዋን ዳበሰች። ለሁለት ቀን ያመማት ቀኙ ነው። ፀሐይዋ በስተቀኟ ከነበረች ጥላው ወደ ግራ ነበር መውደቅ ያለበት።

በፎቶው ግን ፀሐይዋ በስተግራ ናት፤ በዚያ በኩል ወጥታ አታውቅም።

ፊልሙን ከኤንቨሎፑ አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ፊልም አንድ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ሲታተም ደብዛዛው ወደ ወረቀቱ ካልዞረ፣ ነገሩ ሁሉ በመስታወት እንደሚታይ ግራና ቀኙ ይቀያየራል። ሰው ቢሆን፣ ጽሑፍ ቢሆን ወዲያው ያስታውቃል። አራት እኩያ መስኮት ግን ቢገለበጥም ያው አራት መስኮት ነው። ያን ቀን በጥድፊያ ገልብጣው ኖሯል። ብቻዋን ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። ስንት ዓመት የተረተችበትን ተረት ራሷ አፍስሳ ለቀመችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ፎቶ ይዛ ወፍጮ ቤቱ ደረሰች፤ አንዱ የድሮው፣ አንዱ በትክክል የታተመ። ወንድሟ አሸዋ እየነፋ ነበር። ቀድሞ ለሱ በሹክሹክታ መንገር ትችል ነበር፤ እሷ ግን አልፋው፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ፣ ኢንጂነሩ ፊት ቆመች።

«ጥፋቱ የወንድሜ አይደለም። ፊልሙን ገልብጬ ያተምኩት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሩ ፎቶዎቹን እንደ ቁማር ካርታ አገላበጣቸው። ትናንት በግራ፣ ዛሬ በቀኝ፤ በዚህ ዓይነት ግድግዳው ወንፊት ሆኖ ሊቀር ነው አለ። እሷ አልተከራከረችም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንዲቆምና ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ በእጁ እንዲያሳያት ብቻ ለመነችው። ቀኝ እጁን አነሳ። ከዚያ የመስኮቶቹን ጥላ በሁለቱም ፎቶ ላይ እንዲያይ ማጉያውን ሰጠችው። ረጅም ጊዜ አጎንብሶ ቆየ።

«በወረቀት አላምንም» አለ በመጨረሻ፣ ማጉያውን ሳይመልስላት። «ነገ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በዓይኔ አየዋለሁ። ካልወጣች ግን አዝናለሁ፣ እትዬ ደመና።»

ቅጽል ስሟን ከማን እንደሰማ አልጠየቀችውም። ወንድሟ አንገቱን ደፍቶ አሸዋውን ይነፋል።

እሑድ ማለዳ ሦስቱም በጤዛ በራሰው ሣር ላይ ቆሙ። ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቷል። ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አየ፤ በሦስተኛው ረሳው። ግንበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሰማዩ ላይ ስታፈጥጪ አንድ ውለታ እንኳ አይውልልሽም አላት። እሷ ዝም በል አለችው።

ደመናው በአንድ በኩል ተቀደደ። ብርሃኑ ከቀኝ መጥቶ በግድግዳው ላይ ተንሸራተተ፤ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ጥላ አወጡ። በሦስተኛውና በአራተኛው መስኮት መካከል ያ ቅንድብ ቀስ ብሎ ጎበጠ። ብርጭቆ ውሃ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ቆየና ደመናው ሲገጥም ጠፋ። እሷ ዞር ስትል ኢንጂነሩ ከጎኗ የለም፤ ግድግዳው ሥር ደርሶ፣ ቦታው እንዳይጠፋበት በራሱ ጠመኔ ምልክት እያደረገ ነው።

ሰኞ ስሚንቶው ዘገየ። ግንበኛው ከምልክቱ ላይ አንድ ድንጋይ ሲስብ ቀዝቃዛ አየር ፊቱን መታው፤ የቆየ ዱቄት ሽታ አለው። ባትሪ አበራ። ከግድግዳው ሆድ ውስጥ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ እያንዳንዱ እርከን መሃሉ በእግር ብዛት ጎድጉዷል፣ በላዩም የተኛው አቧራ የእግር ዱካ የለበትም።

«ወዴት ነው የሚወጣው?» አለ ኢንጂነሩ፣ ራሱን እያሾለከ።

እህትየው ሁለቱንም በክንዷ ገፋ አደረገቻቸውና ካሜራዋን ቀዳዳው ፊት ተከለች። ጨለማ ነው፣ የካሜራው ዓይን ለመቶ ሃያ ሰከንድ ክፍት ይቆያል፤ አቧራው እንዳይነሳ ማንም እንዳይገባ፣ ካሜራው እንዳይነቃነቅም ማንም እንዳይራመድ አለች። ባትሪው ጠፋ። መወጣጫው ላይ ያሉት ሠራተኞች ሳይቀሩ ባሉበት ደረቁ።

«ይህንንስ በየትኛው ወገን ነው የምታትሚው?» አለ ግንበኛው በሹክሹክታ።

ቁጥሩ እንዳይጠፋባት አልመለሰችለትም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ስንት ደረሱ?» አለ ኢንጂነሩ።

አርባ አንድ ላይ ነበረች።