የሚንኮሻኮሽ ትራስ

ፌስታል ተከለከለ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር አባዬ ፌስታል እየሠራ ነበር። ማሽኑን እንኳ አላጠፋም። «ስለ ሌላ ዓይነት ፌስታል ነው የሚያወሩት» አለ።

ሌላ ዓይነት አልነበረም። ደንበኞቻችን ድራሻቸው ጠፋ፤ ቤታችን ግን እስከ ጣሪያው ፌስታል እንደታጨቀ ቀረ። አብራው የምትሠራው አክስቴ ሻንጣዋን ከአልጋ ስር አወጣች። ሥራ ከሌለ ሌላ ከተማ ሄዳ ልትፈልግ ነው። ፀጉሬን የምትሠራኝም፣ ስዋሽ የምትሸፍንልኝም እሷ ናት። ከሄደች አለቀልኝ።

«የጨርቅ ከረጢት እንስፋ» አልኩ።

«አባትሽ መርፌ ጨብጦ ያውቃል?» አለች አክስቴ።

አባዬ ኮራ አለ። «ዕድሜ ልኩን ፌስታል የዘጋ ሰው ጨርቅ ያቅተዋል?»

የጎረቤት ስፌት መኪና ተዋስን። አክስቴ ቆርጣ ሰጠችው፤ እሱም እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ሲሰፋ ዋለ። የእኔ ሥራ የተሰፋውን መገልበጥ ነበር። አንዱን አነሳሁ፣ አፍ የለውም። ሌላውን አነሳሁ፣ እሱም የለውም። አራቱንም ጎን ጥርቅም አድርጎ ሰፍቶታል።

«አባዬ፣ ዕቃው በየት በኩል ይግባ?»

አገላብጦ አየው። «ፌስታል ሲሆን እኔ እዘጋለሁ፣ አፉን የሚከፍተው ማሽኑ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ።

አክስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ሻንጣዋ ላይ አረፈ። ጨርቁ አልቋል።

እኔ በንዴት የአንዱን ጥግ ተረተርኩና ፌስታል እጠቀጥቅበት ጀመር። ጢም ብሎ ሲሞላ መልሼ ሰፋሁትና ቁጭ አልኩበት። ኮሽ አለ። ለካ ይመቻል።

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ሞክረው» አለች አክስቴ።

አባዬ ተቀመጠበት። «ጥሩ ነው። ግን ያወራል።»

«አንተስ ታወራ የለ፣ ማን አባረረህ?»

የቀሩትንም ከረጢቶች እንደዚያው ሞልተን ትራስ አደረግናቸውና በማግስቱ መናኸሪያ ይዘናቸው ሄድን። እዚያ መንገደኛ የሚጠብቀው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። አንድ ወፍራም ሹፌር ትራሱን ጫን ጫን አደረጉት።

«ይንኮሻኮሻል እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ሲነዱ እንቅልፍ እንዳይወስድዎት ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁና አንድ ገዙ። ለሚስታቸውም ጨመሩ። ምሳ ሳይደርስ እጃችን ባዶ ሆነ። ወሬው ተዳርሶ ጎረቤቱ ሁሉ እቤቱ የቀረ ፌስታሉን ያመጣልን ጀመር። አባዬ አሁን አፍ የሌለው ከረጢት የሚሰፋው አውቆ ነው፤ እሱማ ድሮም አውቄ ነው ይላል።

«ሻንጣዬን ማን ነካው?» አለች አክስቴ አንድ ቀን።

«እኔ። አዲሱን ጨርቅ ሞልቼበታለሁ፣ ሌላ ቦታ ጠፋ።»

«አንቺ ቀጣፊ» አለችኝ። ከዚያ በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ከነጨርቁ አልጋ ስር መለሰችው።