የእማዬ ተራ

ሥዕል የምወድ ሰው ነበርኩ። ነበርኩ ያልኩት አሁን ሠዓሊ ስለሆንኩ ነው።

መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ስብሰባ ሲጠራ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። አለቃችን ስለ ሥራ ተነሳሽነት ሁለት ሰዓት ሲያወራ እኔ በቃለ ጉባኤው ጀርባ አፍንጫውን እስል ነበር። አፍንጫው ደግሞ እንኳን ለሁለት ሰዓት፣ ለሁለት ቀንም የሚበቃ ነበር። ፊቴ በርቶ ስወጣ ስላዩኝ ትጉህ ሠራተኛ ተብዬ ተመስግኛለሁ።

ጉድ የሠራችኝ ባለቤቴ ናት። "እንዲህ ዓይነት እጅ ይዘህ ለሰው ትላላካለህ? የምትወደውን ብትሠራ እኮ ሥራም አይመስልህም" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሥራ አይመስለኝም፣ ቅጣት ነው የሚመስለኝ።

ሱቅ ከፈትኩ። ሰው ፎቶ ያመጣል፣ እኔ በእርሳስ እስላለሁ። ፎቶውን እንዳለ የሚፈልግ ግን የለም። "ድርብ አገጬን አንድ አድርግልኝ።" "ራሰ በራውን እለፈው።" አንዲት ሴትዮ የሟች ባሏን ፎቶ ይዛ መጥታ "ፈገግ አድርገው" አለችኝ።

"ፈገግታው ምን ዓይነት ነበር?" ብላት፣

"እኔ ምን አውቄ! ሠላሳ ዓመት ስጠብቅ አይደል የሞተው!" አለች።

በሦስት ዓመት ውስጥ እጄ ለብቻው መሥራት ለመደ። መጨማደድ ሲያይ ይዘላል፣ ጠባሳ ሲያይ ያልፋል፤ እኔ ስለ ምሳ አስባለሁ። ቤት ስገባ እርሳስ ማየት ስለሚያንገሸግሸኝ ልጄ የቤት ሥራዋን በእስክርቢቶ ትሥራ ብዬ አዝዣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ሱቅ መጣች። "ልጅ ሆነህ በየደብተርህ ጀርባ ትስለኝ ነበር። ካደግህ ወዲህ አንድም ቀን! ዛሬ ተራዬ ነው" ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። እሷን እየሳልኩ የጥንቱ ደስታ ካልመጣ ሌላ በምን ሊመጣ ነው? ዛሬ ካልመጣ ሱቁን እዘጋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

እንደ ልማዴ በስልኬ ፎቶ አነሳኋትና ስልኩን ፊቴ አቁሜ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። ጥላው ልክ፣ ፀጉሩ ልክ፣ የሻርፑ እጥፋት ልክ ነው። ደስታው ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ወረቀቱን ሰጠኋት።

መነጽሯን አድርጋ አየችው። ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት ግንባሯ ጥርት ያለ፣ ጉንጯ የሞላ ነው። እማዬ ከዓይኗ ሥር ያላት፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት እዚያ የለችም።

"ታምራለች" አለች በመጨረሻ። "የደንበኛ ናት አይደል? ምስኪን፣ ምንም ያየች አትመስልም።" ወረቀቱን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተስተካክላ ተቀመጠች። "አንዴም ቀና ብለህ ስላላየኸኝ የሰው ሥራ ይዟል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በል አሁን የኔን ጀምረው፣ ወገቤ ሳይነሳብኝ።"

"አዎ፣ የደንበኛ ናት" አልኳት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ አዲስ ወረቀት ዘረጋሁና ቀና ብዬ አየኋት። ያቺ ጥቁር ምልክት በቀኝ በኩል ትመስለኝ ነበር። በግራ ናት።