ሳይወጋ የበራው

ሚጡ ብላ የምትጠራት ታላቅ እህቷ ብቻ ናት። የሆስፒታሉን ኤም አር አይ፣ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣውን ማሽን፣ የምታንቀሳቅስ፣ ሁለት ልጅ የወለደች፣ ነርሶች የሚፈሯት ሴት ሚጡ ስትባል አስቡት! እትዬ ግን ምን ገዷት። "ሚጡዬ፣ ዘንድሮም እዚህ የሚንኳኳ ቱቦ ውስጥ ልትሰኪኝ ነው?" ትላለች፣ ጉትቻዋን እያወለቀች።

እትዬ ከጭንቅላቷ እጢ ከወጣላት ወዲህ በየዓመቱ ለምርመራ ትመጣለች። እጢው ተመልሶ እንደሆነ በደንብ የሚለየው በደም ሥሯ ኮንትራስት ሲገባ ነው፤ ሕመምተኞች "ቀለም" የሚሉት፣ ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ያለበት መድኃኒት። እጢ ካለ መድኃኒቱን ይስብና ሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይበራል። በየዓመቱ የምትወጋት ሚጡ ናት። "አታስቢ፣ በሽንትሽ ይወጣል" እያለች የምታጽናናትም እሷው ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ይነሣል፣ ከዚያ ተወግቶ ይደገማል። ያን ቀን ሚጡ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ሥዕል ስታይ፣ ከማጅራት በላይ ባለችው ትንሿ አንጎል ውስጥ ግራና ቀኝ ነጭ ነገር ቦግ ብሏል። ደሟ ፈላ።

"አንተ! ማን ውጋ አለህ?" ብላ አብሯት የሚሠራው ነርስ ላይ ጮኸች። ምስኪን፣ ስሪንጁን አንሥቶ አሳያት። እንደተሞላ ነው፤ ጠብታ አልጎደለም።

ያልተወጋ ሰው እንዴት ይበራል?

ሥዕሉን የሚያነቡት ዶክተር ተጠርተው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና "የድሮው ነው" አሉ። "በየዓመቱ የወሰደችው። አብዛኛው ይወጣል፣ ጥቂቱ ግን እዚያ እየቀረ ይጠራቀማል። ጉዳት ሲያደርስ አልታየም። አሁን የያዝነው ዓይነት ደግሞ ከድሮው ያነሰ ነው የሚቀረው።"

"ጉዳት የለውም ነው የሚሉኝ?"

"አልታየም ነው ያልኩሽ። ካልወጋናት ደግሞ ትንሽ እጢ ቢኖር ሊያመልጠን ይችላል። ብቻ አሁን ተኝታ ሳለች አታስጨንቂያት። ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።"

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ላይ ጭንቅ አይጨመርም ብለው ነው። ሚጡም የተኛችው ባዕድ ብትሆን፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ዝም ትል ነበር። ይህቺ ግን እትዬ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ትታ ያሳደገቻት። "ይወጣል" ብላ አፏን ሞልታ የነገረቻትም ሚጡ ናት! አሁን ዝም ብትል ከዛሬ ጀምሮ ዓይኗን ማየት አትችልም።

ገባችና አልጋውን ከቱቦው አወጣችው።

"አለቀ?" አለች እትዬ።

"አላለቀም። እትዬ፣ በየዓመቱ የወጋሁሽ መድኃኒት ሁሉም አልወጣም። ጥቂቱ ጭንቅላትሽ ውስጥ ቀርቷል። ዶክተሩ ጉዳቱ አልታየም ይላሉ። እኔ ግን ይወጣል ብዬሽ ነበር። የዛሬው የተሻለ ነው። ካልወሰድሽው ደግሞ እጢው ቢመለስ ላናየው እንችላለን።"

እትዬ እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች። "ወይ ጉድ! ብረት ተሸክሜ ነው እንግዲህ ማግኔት ውስጥ የምትከቺኝ?"

"ማግኔቱ እሱን አይስበውም።"

ሁለቱም ሊስቁ ነበር። አልሆነም። "ለምን ነገርሽኝ?" አለች እትዬ፣ ተቆጥታ፣ ከልቧ ተቆጥታ። "ሳላውቅ ደህና ነበርኩ እኮ!"

ሚጡ ጎንበስ ብላ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

"እሺ፣ በኔ ቦታ ብትሆኚ ትወስጂው ነበር?"

ለሰው ሁሉ የምትለው "አታስቢ" አፏ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። "እንጃ። ይሄንንም እፈራለሁ፣ እጢውንም እፈራለሁ። እጢውን ይበልጥ እፈራለሁ።"

"እኔም" አለች እትዬ፣ ቀስ ብላ። እጅጌዋን ሰበሰበች። "ልወጋ። ግን ነርሱን ጥሪው፣ እሱ ይውጋኝ።"

ሚጡ ኩምሽሽ አለች። በቃ፣ ከእንግዲህ አታምነኝም አለች በልቧ። ነርሱን ጠርታ፣ መንገድ ለቃለት፣ እንባዋን ለመደበቅ ወደ በሩ ዞረች።

"የት ትሄጃለሽ?" አለች እትዬ፣ ነፃ የሆነውን እጇን ዘርግታ። "ይሄን ሁሉ ዓመት አንቺ ስትወጊኝ እጄን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረኝም። ነይ፣ ያዥኝ።"