የጓሮው በር

ኑንዚያ ከጣልያኗ ደሴት ከሲሲሊ ውቅያኖስ ተሻግራ በመጣች በሦስተኛው ዓመት የባሏን ወንድም ቪቶን የአገሩ ነጮች ሰቀሉት። ከአንድ የሸንኮራ አገዳ ባለርስት ጋር በሚዛን ተጣልቶ ነበር። እሑድ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ከወንዙ ዳር ዛፍ ላይ አንጠለጠሉት።

ገዳዮቹ ሌሎቹን ጣልያኖች ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ሲጀምሩ ባሏ ጋስፓሬ ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ኑንዚያን ከነጨቅላዋ ከፒና ቤቷ ያስገባቻት ጎረቤቷ ሄስተር ናት። ሄስተር በባርነት ተወልዳ ያደገች፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምታድር ጥቁር ባልቴት ነበረች። እናትና ልጅን የልብስ ክምር ጭናባቸው ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ሰዎቹ መጥተው ሲጠይቋት፣ ከጌቶቿ ቆሻሻ ልብስ በስተቀር ቤቷ ምንም እንደሌለ ነገረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ኑንዚያ «እማማ» እያለች አንቱ ትላት ጀመር።

ጋስፓሬ ውሎ አድሮ ሱቅ ከፈተ። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ነጮቹም ከሱ እየገዙ «የሌሊት ወፍ» ይሉታል፤ ከወፍም ከአይጥም ያልሆነ ማለታቸው ነው። ፒና ለትምህርት ስትደርስ የነጮቹ ትምህርት ቤት አልቀበልም አለ። ጋስፓሬ ደጅ ቢጠና፣ ቢለምን የሚሰማው አጣ። በመጨረሻ ከትምህርት ቤቱ ሹሞች አንዱ፣ ሚስተር ቲቦዶ፣ ሱቁ ድረስ መጣ።

«ስማኝ ጋስፓሬ» አለው። «ከእነሱ ጋር ትበላለህ። ሚስትህ ያችን አጣቢ አንቱ ትላለች። ልጅህ ከልጆቻችን ጋር እንድትቀመጥ ከፈለግህ፣ መጀመሪያ አንተ የማን ወገን እንደሆንክ ይታወቅ።»

ጋስፓሬ በማግስቱ የሱቁን የኋላ ግድግዳ ቀድዶ ለጥቁሮቹ መግቢያ በር አወጣ። ኑንዚያ ይህ ነውር ነው ብላ ተከራከረችው። እሱ ግን የወንድሙን ስም አነሳባት፤ ቪቶን የገደለው ወገኑ አለመታወቁ ነው አላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄስተር እንደ ልማዷ በፊት ለፊቱ በር ገባች። ሚስተር ቲቦዶና ሁለት ጓደኞቹ ባንኮኒውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋስፓሬ አቀርቅሮ ዱቄት መስፈሩን ቀጠለ። ሰዎቹ ወደ ኑንዚያ ዞሩ።

«ሄስተር» አለች ኑንዚያ፣ «በጓሮ ዙሪ።»

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«በጓሮ ዙሪ አልኩሽ። ይኼ በር የእናንተ አይደለም።»

ሄስተር የመጣችው ሳሙናና ጨው ልትገዛ ነበር። ሳትገዛ በገባችበት ወጣች፤ በጓሮም አልመጣችም። ለአንድ እፍኝ ጨው ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግሯ እንደምትሄድ ኑንዚያ ከሰው ሰማች። አንድ ቀን ይቅርታ ልትጠይቃት መንገድ ላይ ጠበቀቻት። አሮጊቷ ገና ከሩቅ ስታያት ከመንገዱ ወርዳ ቦዩ ውስጥ ቆመች፤ ለነጭ ሴት እንደሚደረገው። አንገቷን እንደ ደፋች ኑንዚያ እስክታልፍ ጠበቀች። ኑንዚያ የያዘችውን ቃል ይዛ አለፈች።

ፒና በመስከረም የነጮቹ ትምህርት ቤት ገባች። የኋለኛው አግዳሚ ላይ ብቻዋን አስቀመጧት። በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሯ ተበትኖ፣ የቀሚሷ እጅጌ ተቀድዶ ቤት ደረሰች።

«ምንድን ነሽ ይሉኛል» አለች።

«ነጭ ነኝ በያቸው» አላት አባቷ።

«ብያቸዋለሁ።»

«እና?»

«ሳቁ።»

ጋስፓሬ ተነስቶ ወጣ። ኑንዚያ መርፌና ክር አምጥታ እጅጌውን ትሰፋ ጀመር። ልጅቷ ምንድን ነኝ ብላ እንዳትጠይቃት ፈርታ ቀና አላለችም። ሲነጋ ፀጉሯን ጎንጉና መልሳ ላከቻት።