በለስላሳ ጠርሙስ የቀዳሁት ውሃ

እኔን እንደ አረፋ የሚያናድደኝ ነገር የለም። ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ "ጋሽ አረፋ" ብለው ስም ያወጡልኝም በዚሁ ነው። ለምርመራ ከጉድጓድ የቀዳነው ውሃ ብልቃጧን እስከ አፏ ጢም አድርጎ መሙላት አለበት። ከዚያ ከድኖ፣ ገልብጦ፣ በጣት መታ መታ ነው። የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ ካለች፣ ይደፋና እንደገና ይቀዳል። የነዳጅ መርዝ ሾላካ ነው፤ ትንሽ አየር ካገኘ ከውሃው ወጥቶ እዚያ ይገባል፣ ክዳኑ ሲከፈት ብን ይላል። የተመረዘው ውሃም ንጹሕ ተብሎ ይጻፍለታል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ የእህቴን ውሃ በለስላሳ ጠርሙስ፣ ያውም እስከ ግማሽ ድረስ፣ ቀድቼ የሄድኩት።

ሁለት ዓመት ሆነው። ቤቷ ከድሮው የነዳጅ ማከማቻ አጥር ጀርባ ነው። ታንከሮቹ ከተነቀሉ ቆይተዋል፤ የቀረው የዛገ ቧንቧና ሣር የማያበቅል ሜዳ ነው። እህቴ ታላቄ ናት፣ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። የዚያን ቀን ልጠይቃት ሄጄ ስወጣ፣ "አንተ፣ የሰው ውሃ ስትመረምር ትውላለህ፣ የእኛንስ ማን ይይልን?" ብላ ቀለደችብኝ። ዕቃዬ ቢሮ ነበር። ነገ እመለሳለሁ ማለት ምን ነበረበት? ከመኪናዬ ወንበር ሥር ባዶ ጠርሙስ አውጥቼ፣ ከጉድጓዷ ካወጣችው ባልዲ ቀዳሁ። መኪና ውስጥ አደረ። ጠዋት ወደ ብልቃጥ ገለበጥኩት፣ ጢም አድርጌ። ቅጹ ላይ "ከጉድጓዱ በቀጥታ በብልቃጥ ተቀዳ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ውጤቱ "አልተገኘም" ይላል። እህቴ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብጣ ወጥ ቤቷ በር ላይ ሰቀለችው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር "ወንድሜ ነው የመረመረው" ትላለች። እኔም አላፍርም፣ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ወር ልጇ ታመመች። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሚጢጢ እንላታለን። አፍንጫዋ ይደማል፣ ሰውነቷ ዝም ብሎ ይበልዛል። የደም በሽታ ነው ብለው ሆስፒታል አስተኟት። ሐኪሙ እኔ ባለሁበት፣ "ቤታችሁ አካባቢ ነዳጅ ወይም ኬሚካል አለ?" ብሎ ጠየቀ። እህቴ ቀበል አድርጋ፣ "ውሃችን ተመርምሯል፤ ይኸው፣ ወንድሜ ራሱ ነው" አለች። ሐኪሙ ጥያቄውን ሰርዞ አለፈ። ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። ግን ዝም አልኩ። ምነው ያኔ ተናግሬ ቢሆን!

ከዚያ ሜዳው ሊሸጥ ነው ተባለና እንድንመረምር ታዘዝን። ከእህቴ ጉድጓድ አሥራ አምስት ርምጃ ርቀን ቆፍረን ውሃ ቀዳን። በዚህኛው ብልቃጥ አንድም አረፋ አልነበረም። ዛሬ ጠዋት የላብራቶሪ ባልደረባዬ ውጤቱን በስልክ ነገረችኝ። "ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ።

በቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ሆና ትንሽ ጀሪካን እየሞላች ነበር።

"ደግ ጊዜ መጣህ፣ አብረን እንሂድ። ሚጢጢ የሆስፒታሉ ውሃ አይጥመኝም፣ የቤታችንን አምጪልኝ ብላ አስቸገረችኝ እኮ።"

ጀሪካኑን ነጠቅኳትና መሬት ላይ ደፋሁት።

"አብደሃል እንዴ?"

"እትዬ፣ ውሃው መርዝ ነው። ያኔ በደንብ አልቀዳሁትም። ዋሽቼ ነው የፈረምኩት።"

ጠርሙሱንም፣ መኪና ውስጥ ማደሩንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች፣ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ሄዳ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ታነብ ጀመር።

"ፊርማው ያንተ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ትኩሳቷ ሲነሳ ውሃ አብዢላት አሉኝ።" ድምፅዋ ቀጠነ። "አልፈልግም ስትለኝ ተቆጥቼ፣ አፍንጫዋን ይዤ ነው ያጠጣኋት። በገዛ እጄ።"

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ስልኳ ጠራ። ከሆስፒታል ነው፤ ነርሷ ስልኳን ለሚጢጢ ታውሳታለች። እህቴ ቁጥሩን አየችና ሳታነሳው ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አንተ ንገራት።"

አነሳሁት። "ሚጢጢ" አልኩ።

"አጎቴ! አንተ ነህ የምታመጣልኝ?" ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ደስ ብሏታል። "እሺ፣ ጢም አድርገህ ሙላው። ባለፈው እማዬ አጉድላ ነው ያመጣችው።"