የመኪናው ካሴት

መደርደሪያው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ጠቡም በእሱ ነበር።

አናጺው ባለመስታወት መደርደሪያ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ለእያንዳንዱ የጌም ካሴት እንደ እርግብ ቤት ያለች ትንሽ ጎጆ አበጅቶለታል። ኢንጅነሩ፣ እናቱ ድሮ ሳሎናቸው ውስጥ ያስጫውቱበት የነበረውን ጌም ቤት እንደገና ሊከፍተው ነው። ያኔ «የልጅ ማበላሻ» ይባል የነበረው ነገር ዛሬ «ትዝታ» ተብሎ ሊሸጥ ነው። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ አንተ ስትይዘው ቆሻሻ፣ እሱ ሲይዘው ቅርስ።

ካሴቶቹን እንዲመርጥለትና እንዲጠግንለት የጠራው የአክስቱን ልጅ፣ ፊውዝን ነው። ፊውዝ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። እናቱ ስትሞትበት አክስቱ ቤት ገብቶ ከኢንጅነሩ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛ አደገ። ስሙን ያወጣለትም ያው ኢንጅነሩ ነው፤ «ትንሽ ከነኩት ይቃጠላል» ብሎ። አንዱ እስከ ዩኒቨርሲቲ ሲላክ ሌላው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጌም ቤቱን እንዲጠብቅ ተደረገ። አንዱ ኢንጅነር ሆነ፣ ሌላው ፊውዝ እንደሆነ ቀረ። ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ ደንበኛው «ጋሽ ፊውዝ» ነው የሚለው።

አክስቱ፣ የኢንጅነሩ እናት፣ ጥግ ያለው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቁልፋቸውን ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ካሴቶቹ ይህን ሁሉ ዘመን የኖሩት በእሳቸው ሳጥን ተቆልፎባቸው ነው። አሁን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፈው የአቧራና የብል መድኃኒት ሽታ ይሸታሉ።

«ዘላዩ ሰውዬ ይገባል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም» አለ ኢንጅነሩ።

«ይግባ።»

«ዳክዬ ተኩሱስ?»

«ሽጉጡ በአዲስ ቴሌቪዥን አይሠራም። ስትተኩስ ትውላለህ፣ ዳክዬዋ ስቃብህ ትሄዳለች።»

«አሮጌ ቴሌቪዥን ፈልግለታ! ታንኩስ?»

«ታንኩ ይግባ። ሁለት ሰው አብሮ ያጫውታል። ሁለት ሰው አብሮ ከጀመረ ደግሞ አንዱ አንዱን ሳይከዳ አይነሳም።»

ኢንጅነሩ ሳቀ። ፊውዝ አልሳቀም። እንዲህ እንዲህ እያሉ ጎጆዎቹ ሞሉና አንዲት ቀረች። ኢንጅነሩ የኳሱን ካሴት አነሳ፣ ፊውዝ የመኪናውን።

«ኳስ የሌለው ጌም ቤት እኮ ወንበር የሌለው ጸጉር ቤት ማለት ነው» አለ ኢንጅነሩ።

«ኳስማ አስገብተሃል። ይሄ የዛኛው ወንድም ነው።»

«የተሻለው ወንድም ነዋ!»

«እሱን እንኳ አውቃለሁ፤ አንዱ ወንድም ሁሌ የተሻለ ነው» አለ ፊውዝ።

«ኧረ በፈጠረህ! መኪና መኪና ትላለህ፣ መንጃ ፈቃድ የለህ!»

አክስት ከሶፋቸው ቀና አሉ። «የትኛው ነው? መኪናው ነው? እሱ እኮ ብልሹ ነው ልጆች። ያኔም ያጣላችሁ እሱ ነው።»

የፊውዝ ጆሮ ጋለ። «ብልሹ» የምትለዋን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል።

ያን ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳሎኑን ሞልቶት ነበር፤ የቤቱ አንደኛ ሊለይ ነው። መኪናው ላይ መጨረሻ የቀሩት ፊውዝና ኢንጅነሩ ናቸው፤ ኢንጅነሩ ያኔ «ጀት» ነበር የሚባለው። የመጨረሻውን ኩርባ ፊውዝ ቀድሞ ወጣ። ማሽኑ ስምህን ጻፍ አለው። ከሦስት የፈረንጅ ፊደል በላይ አይቀበልም፤ ሦስቷን ፊደል ጻፈ። ይሄኔ ከጨፋሪው አንዱ ሲዘል ጠረጴዛውን ገጨውና ሥዕሉ ተተራምሶ ጠፋ። አክስት ጫጫታውን ሰምተው ከጓዳ ሲወጡ ያገኙት ዝናብ የሚያዘንብ ቴሌቪዥን ነው። «ካሴቱ ተበላሽቷል። በተበላሸ ነገር ዳኝነት የለም» አሉና ነቅለው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። በማግስቱ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም «የቤቱ አንደኛ ጀት» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ የመሰከረለት አልተገኘም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ በጌም ቤት ባለቤት ልጅ ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ነገም መጫወት አለ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፊውዝ ስንት ቴሌቪዥን ጠግኖ ዝናቡን አቁሟል፤ የዚያች ቀን ዝናብ ግን ውስጡ ሲያዘንብ ኖረ። ሲያድግና ሙያውን ሲማር ደግሞ አንድ ነገር አወቀ። ያ ካሴት ማስታወሻ አለው፤ ስሙ እዚያ ውስጥ አለ። አክስቱ ሳጥን ውስጥ፣ ከብል መድኃኒቱ ስር፣ አንደኛ መሆኑ ተጽፎ ተቀምጧል። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካሴቱ መደርደሪያው ላይ እንዲገባ፣ የመክፈቻው ዕለት እንዲበራ፣ አክስቱም በዓይናቸው አይተው «ለካ አንተ ነህ» እንዲሉት።

«አክስቴ፣ ብልሹ አይደለም፤ ቆሽሾ ነው» አለ፣ ድምፁን እየያዘ።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ። እኔ ያየሁትን ነው።»

ኢንጅነሩ ነገር ማብረድ ይወዳል። «በቃ፣ ካስነሳኸው ቦታዋ የሱ ናት። ካልተነሳ ኳሱ ይገባል። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ ፊውዝና ካሴቶቹን ሁሉ በከረጢት ይዞ ወጣ።

ሱቁ ጠባብ ናት። አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት አለበት። ፊውዝ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፎ ከሁሉ አስቀድሞ የመኪናውን ካሴት ፈታ። ልጅ ሳሉ ሁሉም «እፍ» እያለበት፣ የስንቱ ምራቅ ጥርሶቹን፣ ማሽኑ ላይ የሚሰኩትን መዳቦች፣ አረንጓዴ አድርጓቸዋል። በላጲስ ፈተጋቸው፣ በአልኮል ጠረጋቸው፣ ቦርዱን ራቁቱን እንዳለ ማሽኑ ላይ ሰክቶ አበራ።

መኪናዋ መጣች። ያቺ የምትጮኽ ሙዚቃዋም መጣች። የስም ሰንጠረዡን ከፈተ።

አለ። ከላይ የእሱ ሦስት ፊደል፣ ከእሱ በታች የጀት።

ፊውዝ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገ፤ ሰው እንዳያየው። ዓይኑን በእጅጌው ጠራረገ። «ተበላሽቷል!» አለ ለቴሌቪዥኑ። «አዬ አክስቴ! ተበላሽቷል!»

አሁን እዚህ ላይ ስለ ሥራው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የእነዚህ ካሴቶች ማስታወሻ የሚኖረው ቦርዱ ላይ በተበየደች ሳንቲም በምታህል ባትሪ ነው። ባትሪዋ ከወጣች የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ፊውዝ ብዙ ካሴት ሲመጣለት አንድ ባንድ አይሠራም፤ መበየጃ ካውያው አንዴ ከጋለ አሮጌውን ባትሪ በሙሉ ከሁሉም ላይ ያነሳል፣ ከዚያ አዲሱን በሙሉ ይተክላል። ልብሳቸውን፣ ማለትም ስም የተለጠፈበትን የላስቲክ ሽፋን፣ አውልቆ አንድ ጥግ ይከምረዋል። ራቁት ቦርድ ሲሆኑ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ኳስ ይሁን ታንክ ከላይ አይታወቅም። የመኪናውን ባትሪ ሊነካ አልፈለገም። ይህን ያህል ዘመን ስሙን ጠብቃ የኖረች ባትሪ ነገንም ትጠብቃለች። ቦርዱን ነቅሎ ለብቻው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠውና ወደ ሌሎቹ ዞረ።

ካውያው እንደጋለ ስልኩ ጮኸ። ኢንጅነሩ ነው።

«ፊውዝ! ቀለም ቀቢው መጥቷል። ያንን የድሮ ጽሑፍ በደማቁ አድሰው ብዬዋለሁ። ‹የቤቱ አንደኛ ጀት›! ሰው ታሪክ ይወዳል፣ ፎቶ ይነሱበታል።»

ፊውዝ የጋለውን ካውያ ትክ ብሎ አየ።

«አለህ? አንተንም ከስር እንጻፍህ እንዴ? ‹ሁለተኛ ፊውዝ›!» ሳቀ፤ የማይጎዳ ሳቅ ነው የመሰለው።

«ጻፍ» አለ ፊውዝ። «ጻፍ፣ ምን ቸገረኝ። በደማቁ ጻፍ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ስልኩ ተንሸራትቶ ጠርዝ ላይ ያለውን ቦርድ ገፍቶ ከሌሎቹ መሐል ከተተው። ፊውዝ አላየም። የሚያየው ሰማያዊ ቀለም ነበር። ካውያውን አንስቶ እንደ ጅራፍ ያዘው። አንዱን ቦርድ ያዝ፣ የብየዳውን እርሳስ አቅልጥ፣ ባትሪውን ንቀል፣ ጣሳ ውስጥ ጣል። ያዝ፣ አቅልጥ፣ ንቀል፣ ጣል። በየባትሪው አንድ አንድ ስድብ አብሮ ይወድቃል። «ጀት። ኢንጅነር። ትዝታ። ታሪክ።» እጅ የለመደውን ይሠራል፤ ንዴት ደግሞ እጅን ዓይን ያሳጣዋል።

ሲበርድለት ለብቻው ያስቀመጠውን ቦርድ ፈለገ። ጠርዙ ባዶ ነበር።

አጎንብሶ ወለሉን አየ። ጨርቁን አነሳ። ከዚያ ቦርዶቹን አንድ በአንድ እያነሳ ጥርሳቸውን አየ፤ በላጲስ ፈትጎ ያነጣው አንዱን ብቻ ነው። አገኘው። የባትሪው ቦታ ላይ ገና ያልቀዘቀዘ እርሳስ ያብረቀርቃል።

አዲስ ባትሪ ተክሎ አበራው። መኪናዋ መጣች፣ ሙዚቃዋም መጣች። ሰንጠረዡ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።

ይህን ያጠፉት አክስቱ አልነበሩም። ጀት አልነበረም። ጠረጴዛ የገጨ ልጅም የለም። እጁን ገልብጦ አየው፤ የራሱ እጅ ነው።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ካሴቱን ሱቅ ትቶት ሊሄድ አስቦ ነበር። ኳሱ ይግባ፣ ነገሩም ይቅር። ግን አስነሳዋለሁ ብሎ የያዘውን አስነስቶ ያሳያል፤ ሙያው ላይ ደግሞ ማንም እንዲስቅበት አይፈልግም። ይዞት ሄደ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊው ቀለም ገና ይሸታል። ከስሩ «ሁለተኛ» የሚል አልተጻፈም፤ ይህም አናደደው፣ ቢጻፍም ያናድደው ነበር።

«ተነሳ?» አለ ኢንጅነሩ።

«ተነሳ።» ሰክቶ አበራው። መኪናዋ ስትመጣ ቀድመው የገቡት ደንበኞች አጨበጨቡ። ፊውዝ ግን አላስቻለውም። «ትናንት ስሜ እዚህ ላይ ነበር» አለ። «ያን ቀን የጻፍኩት። ከላይ እኔ፣ ከታች አንተ። አይቼዋለሁ።»

«የታለ?»

«ጠፋ። ባትሪውን... ጠፋ።»

«ምኑ ነው የጠፋው?» አሉ አክስት።

«ያኔ ያሸነፍኩት ነው አክስቴ። ካሴቱ...» አለና ቃሏ አፉ ውስጥ ቀረች። «ካሴቱ ተበላሽቶ ነው» ሊል ነበር፤ ያችኑ የአክስቱን ቃል።

ኢንጅነሩ አፍጥጦ አየው። «እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይዘኸው ነው የምትዞረው?» ሰው ሰማ። ከዚያ ቶሎ ብሎ ጆይስቲክ አቀበለው። «ና፣ ታሪኩን እዚሁ እንጨርሰው። እንወዳደር።»

ተቀመጡ። ልጅ እንደነበሩት ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ አሁን ግን ሁለቱም ሲቀመጡ ጉልበታቸው ይንቋቋል። ፊውዝ መንገዱን አልረሳውም። ኢንጅነሩም ቢሆን አልረሳውም። ኩርባ ሲመጣ ሁለቱም እንደ ድሮው ሰውነታቸውን ያዘነብላሉ። መጨረሻው ኩርባ ላይ የኢንጅነሩ መኪና ፈዘዝ አለች፣ ፊውዝ አልፎ ወጣ።

ፍሬን ያዘ? ወይስ እጁ ዛለ? ፊውዝ ዞሮ ፊቱን አየው። ኢንጅነሩ እየሳቀ ነበር፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ምንም ማንበብ አይቻልም።

«ማን አሸነፈ?» አሉ አክስት፣ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«ፊውዝ ነዋ እማዬ!»

«እሰይ!» አሉ አክስት ከልባቸው። «ጎበዝ ልጄ። ካሴቱ ተሠራልን ማለት ነዋ!»

ኢንጅነሩ ጀርባውን መታ መታ አድርጎት ወደ እንግዶቹ ሄደ። ሰዉ ኳሱ ያለበት ማሽን ዙሪያ ተሰብስቦ መጮኽ ጀምሯል። ፊውዝ ለብቻው መኪናው ፊት ቀረ። ሦስቷን ፊደል ጻፈ። ማሽኑን አጠፋ። አበራ፤ ስሙ አለ። እንደገና አጠፋው፣ አበራው፤ አለ። ከኋላው አንዱ ጎል አግብቶ ሳሎኑ ተናጋ። ፊውዝ እንደዚያ ቀን እንዳይናወጥ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ፤ ጩኸቱ ሲበርድ ማሽኑን እንደገና አጠፋው።