ሞተሩ ሳይሞቅ

ጆሮ ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ይቆጣ ነበር፤ ኋላ ግን ራሱ በጋራዡ በር ላይ በሰማያዊ ቀለም «ጆሮ ጋራዥ» ብሎ አስጻፈው። መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ የአንዱ መኪና ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ከሰማ፣ ራሱን እንኳ ሳያወጣ «ለሚመጣው ሰውዬ ቀበቶህ ላልቷል በሉት» ይል ነበር። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሕመሙን ይናገራል፤ ጆሮ ዘንድ የሄደ ግን ሞተሩን አስነስቶ ዝም ይላል። ከዘመድ አዝማዱ እሱን ሳያስሰማ መኪና የገዛ አንድ የአጎት ልጅ ብቻ ነው። እሱም ዛሬ በአውቶቡስ ይሄዳል።

ታናሽ እህቱ ሚዛን መርማሪ ናት። በሣጥን የተደረደሩ የብረት መመዘኛዎቿን ጭና ከከተማ ከተማ እየዞረች እህል መጋዘን፣ ሥጋ ቤትና ወፍጮ ቤት ትገባለች። ትክክለኛውን ብረት በሰውዬው ሚዛን ላይ ታስቀምጥና መርፌው የት እንደሚቆም ታያለች። ነጋዴዎቹ «ግራሟ» ይሏታል። ግራሟ መጣች ሲባል ጨርቅ ፈልጎ ሚዛኑን የማይወለውል የለም፣ መወልወል የሚያስተካክለው ይመስል። ሥራዋ ሲጠቃለል ሰው ፊት ቆሞ «ሚዛንህ ልክ አይደለም» ማለት ነው። ይህን ስትል ደግሞ ቃል አታለሳልስም። ድሮም ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሰው ናት።

ችግሩ መኪናዋ ነበረች። ትንሽዬ የቤንዚን መኪና ናት፤ ብረቱ ሲጫንባት ኋላዋ መሬት ሊስም ይደርሳል። ዘንድሮ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያሉት ከተሞች ሁሉ በእሷ መስመር ላይ ተጨመሩላት። ስትለምነው የኖረችው ሥራ ነው፤ ልጆቿን የምታስተምርበት። አለቃዋ ግን አንድ ነገር አስጠንቅቋታል። «መኪናሽ መንገድ ላይ ከቆመች መስመሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እንዳትቀየሚኝ።» እሷም አልተቀየመችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ወንድሟ ጋራዥ ሄደች።

«ናፍጣ ነው የሚያዋጣሽ» አላት ጆሮ። «ቤንዚን ሮጦ ይደክማል። ናፍጣ እንደ በሬ ነው፤ ተጭኖ ቀስ እያለ ሲሄድ ይውላል። ግን ስሚኝ ሚጣ፣ ያገለገለ ናፍጣ ልታይ ስትሄጂ በጠዋት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ። ሲሞቅ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ ነው።»

ሦስት ልጆች የወለደች ሴት ናት፤ ለእሱ ግን ዛሬም ሚጣ ናት።

ይህን ሕግ ይዘው ፍለጋ ጀመሩ። የመጀመሪያዋ መኪና አንድ ደላላ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፣ ነጭ፣ የምታብለጨልጭ። ጆሮ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ትሞቃለች።

«ለእናንተ ብዬ አንድ ዙር ነዳኋት» አለ ደላላው።

«እግዜር ይስጥልን፣ ደክመሃል» አለና ጆሮ ወደ በሩ ዞረ።

ሁለተኛዋ ቀዝቃዛ ነበረች፤ ቆጣሪዋም የሚያሳየው ኪሎ ሜትር የአዲስ ሙሽራ መኪና ያስመስላታል። ጆሮ ጎንበስ ብሎ የፍሬኑን ፔዳል አየው። ጎማው አልቆ ብረቱ ወጥቷል። «ቆጣሪው ልጅ ነው፣ ፔዳሉ ሽማግሌ» አላት በመንገድ ላይ። «ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ፔዳል ደግሞ አፍ የለውም።» ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁለቱንም መኪናዎች በእጁና በዓይኑ ብቻ እንደጣላቸው ያስተዋለችው ኋላ ነው።

ሦስተኛዋ የአንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበረች። ግራጫ ናት፣ ኋላዋ ሰፊ፤ ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ ጥላ ሥር በአሮጌ አንሶላ ተሸፍና ቆማለች። ኮፈኗ እንደ ጠዋት ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ቆጣሪዋ ብዙ ይላል፣ ፔዳሉም ብዙ ይላል፤ ሁለቱ ተስማምተዋል። ግራሟ የኋላውን በር ከፍታ ሣጥኖቿን በሐሳቧ ደረደረቻቸው፤ ልክክ አሉ።

«ስንት ምጥ ደርሼባታለሁ» አሉ አዋላጇ። «አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም። የምሸጣት ዓይኔ ስለደከመ ነው፣ ልጆቼ። እሷስ አልደከመችም። ከነገ ወዲያ ከሰዓት ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል፤ እናንተ ግን ቀድማችኋል።»

ጆሮ አፍ አፋቸውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩ ተነሣ። ትንሽ ነጭ ጭስ ተፋና ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ። ጆሮ እንደ ልማዱ የረጅሙን ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እህቱም ከጎኑ ቆማ አዳመጠች። ከዱግዱጉ መሐል ሌላ ነገር ይሰማል፤ ደረቅ ነው፣ ብረት ብረትን በጥፊ የሚመታ ይመስላል። ቋ... ቋ... ቋ። እሷ የሰማችውን እሱ ሊስተው አይችልም። ካቻቪቴውን እስኪያወርድ ጠበቀች።

«ንጹህ ነው» አላት። «ግዢው።»

ደነገጠች። ፊቱን አየችው፤ የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም። አዋላጇን «እስከ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይጠብቁኝ» ብላ ለመነችና ወጡ። በመንገድ ላይ ያልጠረጠረችው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ይመጣባት ጀመር። ስልክ ማንሳት ትቶ በጽሑፍ ብቻ መመለስ ከጀመረ ከርሟል። ጋራዡ ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ ይጮህ የነበረው ሬዲዮ ጠፍቷል። ከኋላው ሲጠሩት ዝም የሚለውን ሥራ በዝቶበት፣ አንዳንዴም ኮርቶ መስሏት ነበር፤ ለእናታቸውም «ልጅሽ ስም ሲያወጣ ዘጋን» ብላ አምታዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእሷ ወንድም ግን ጆሮው እንደደከመ አያውቅ ይሆን ወይስ ያውቅ ይሆን? ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር ግንባር ለግንባር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው።

በማግሥቱ በዚያችው በደከመች መኪናዋ ሥራ ወጣች። እንዳትነግረው፣ ምን ብላ ትንገረው? በር ላይ የተጻፈለትን ስም በምን አፏ ታፍርሰው? እንዳትተወው፣ የሚያንኳኳ ሞተር ገዝታ ከወንዙ ማዶ ልትቀር ነው። ውሸት ፈጥራ «ቀለሟ አልተስማማኝም» ብትለውስ? ይህን ሐሳብ ወደደችው፤ አንድ ከተማ እስክታልፍም አብሯት ሄደ። ግን ነገ ሌላ ደንበኛ የራሱን መኪና ይዞ መጥቶ ያስሰማዋል። ከነገ ወዲያም ሌላ።

አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ገብታ ብረቷን አስቀመጠች። መርፌው ከልኩ በታች ቆመ፤ ሰውዬው ያለውን አሳንሶ የሚያነብ ሚዛን ይዞ ለገበያተኛው ሁሉ ሲመርቅ ኖሯል።

«ሚዛንህ ልክ አይደለም። የምትጎዳው ደግሞ አንተ ነህ።»

ነጋዴው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «እኔ እኮ አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «መጋዘኑ ቶሎ ቶሎ ይጎድልብኛል። ግን ምን ብዬ ማንን ልጠይቅ? ከዛሬ ነገ አንቺ ትመጫለሽ እያልኩ ነው የቆየሁት።» ከዚያም ተነሥቶ አመሰገናት። ግራሟ ብረቷን ወደ ሣጥኑ ስትመልስ እጇ ቀስ አለ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። «ደግመህ ስማልኝ» አለችው። ጆሮ አልተከራከረም፤ መሣሪያውን ይዞ ተከተላት። አዋላጇ ቁልፉን ሰጥተዋቸው ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። ኮፈኑ እንደዚያን ዕለት ቀዝቃዛ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፣ ያም ነገር አብሮ ተነሣ፤ ቋ... ቋ... ቋ። ጆሮ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ሲጨፍን እህቱ እጁን ያዘችና ካቻቪቴውን ቀስ አድርጋ አወረደችው። ፊቱን ወደ ፊቷ እስኪመልስ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ ያንኳኳል።»

ቁጣ ፊቱ ላይ መጣና ተመለሰ። ሌላው ሰው ሁሉ ቢቀር እሷ እንዳታውቅበት ይፈልግ እንደነበር ያኔ ገባት። እሷም የዚያን ያህል አዘነች፤ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

«ምን ዓይነት ማንኳኳት ነው?» አላት በመጨረሻ፣ ዝግ ብሎ።

«እንዴት ብዬ ልንገርህ? ቋ፣ ቋ ይላል።»

«በአፍሽ አይሆንም።» የቱታውን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱን ዘረጋላት። «እዚህ ምቺልኝ። ሲመታ ምቺ፣ ሲተው ተዪ።»

በሁለት ጣቷ ክንዱ ላይ መምታት ጀመረች። ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ድሮ ካቻቪቴ ጆሮው ላይ ሲያደርግ እንደነበረው ሆነ። በነጻ እጁ ነዳጅ ሰጠው፤ የእሷም ጣት አብሮ ፈጠነ። ለቀቀው፤ ጣቷም ቀዘቀዘ።

«ከላይ ነው ከታች የሚመጣው?» አላት ዓይኑን ገልጦ።

ጎንበስ ብላ አዳመጠችና ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። «ከላይ ይመስለኛል።»

«ከታች፣ ከሆዱ ከሆነ ሞተሩ ይወርዳል፤ ያኔ አትግዢው። ከላይ ከሆነ ግን ናፍጣውን የሚረጩት ኖዝሎች አሉ፣ አንዱ ታሞ ይሆናል። አሁን አንድ በአንድ አፋቸውን ልፈታ ነው። ማንኳኳቱ ሲጠፋ እጅሽን አንሺው።»

መፍቻውንና ጨርቁን አወጣ። የመጀመሪያውን ቱቦ ብሎን ላላ አደረገው፤ ናፍጣው ጨርቁ ላይ ተረጨ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ የእሷ ጣት ግን መምታቱን ቀጠለ። መልሶ አጠበቀው። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲያላላ ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ጆሮ አጠበቀው፤ ጣቷ ክንዱ ላይ ወረደ። እንደገና አላላው፤ ተነሣ።

«ኖዝል ነው» አለ። «አንዱ ኖዝል ብቻ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ሚጣ። ይህቺ መኪና ካንቺ ጋር ነው የምታረጀው።»

ሞተሩን አጠፋው። አዋላጇ ሻዩን ይዘው ወጥተው ጉዳዩን ሲሰሙ «እኔ እኮ ድምፁ የእሷ መስሎኝ ነበር» አሉ፤ ኖዝሉንም በራሳቸው ወጪ እንደሚያስቀይሩ ተናግረው ከገዢዎቹ ይልቅ እሳቸው ተደሰቱ። ወዲያው ስኳር ሊያመጡ ተመለሱ። ወንድምና እህት የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ቀን ንጹህ ነው ያልኩሽ ልዋሽሽ አይደለም» አለ ጆሮ ብርጭቆውን እያየ። «ጸጥ ብሎኝ ነው። ሁሉም ሞተር ንጹህ ከሆነብኝ ሰነበተ።»

ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አስቀመጠና ቀጠለ።

«ሴትዮዋ ዓይኔ ደከመ አሉ፣ እንደ ዋዛ፣ ለማያውቁት ሰው። እኔ ግን በሩ ላይ የተጻፈውን ምን ላድርገው? ሰው የሚመጣው እሱን አንብቦ ነው።»

ይህን ብሎ ሲያበቃ ቀና ብሎ አፏን አየ። ለማጽናናት ብላ የማይሆን ነገር ልትናገር ነበር፤ ተወችው። ሰው ሚዛኑ ልክ እንዳልሆነ ሲነገረው ቀጥሎ የሚፈልገው ማባበያ እንዳልሆነ ከሥራዋ ታውቃለች።

«ጆሮህን ሐኪም እናሳየዋለን» አለችው አፏን ከፈት እያደረገች። «እስከዚያ የደንበኛው ጣት አለ። ክንድህን ዘርጋና ምታልኝ በለው። እኔን እንዳልከኝ።»

ጆሮ ክንዱን አየት አደረገ። አልሳቀም፣ እምቢም አላለም።

ኖዝሉ በሳምንቱ ተቀየረ። ግራሟ ጋራዡ ውስጥ ሣጥኖቿን ጭና ስትጨርስ፣ ማዶ ለመሻገር ቸኩላ ሞተሩን አስነሣች። ያ ማንኳኳት የለም። ዱግ ዱግ ዱግ፣ እኩል፣ ጥጋበኛ። ወደ ወንድሟ ዞራ አውራ ጣቷን አሳየችው። እሱ ግን ከመኪናዋ በር አልሄደም። እጅጌውን ጠቅልሎ በመስኮቱ ክንዱን አስገባ።

«ደህና ሲሆንስ እንዴት ነው? እሱንም ምቺልኝ።»

ሞተሩን አዳምጣ ክንዱ ላይ መምታት ጀመረች፤ እኩል እኩል፣ አንዱ ካንዱ ሳይበልጥ። ጆሮ ግንባሩን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አስደገፈ። መንገዱ ሩቅ ነበር፣ ፀሐይም እየወጣች ነው፤ እሷ ግን እጇን አላነሣችም።

«ናፍቆኝ ነበር» አላት።

ቆይቶ ክንዱን አወጣና እጅጌውን መለሰ። «በይ ሂጂ፣ ሰው ሚዛን ይዞ ይጠብቅሻል» ብሎ ጣሪያውን በመዳፉ መታ አደረገ። ማርሽ አስገብታ በቀስታ ወጣች።